ሲስተር አስካለ የዋሸችልኝ ውሸት

የሲስተር አስካለን ማረፍ የነገረኝ የቂሬያችን ጠሪ ነው። ሰኞ ገበያ ያለችውን የጨርቅ ሱቄን ልከፍት ስወጣ ቧንቧ ውሃ መታጠፊያው ላይ አገኘኝና «ያቺ የሐኪም ቤቷ ሴትዮ፣ ወገብ የምታሸው፣ አርፋለች። ቀብሩ ከሰዓት ነው» ብሎኝ ወደሚቀጥለው በር አለፈ። ሰው ይህን ሁሉ ዓመት ለፍቶ ለፍቶ «ወገብ የምታሸው» ተብሎ ይሸኛል? ተናደድኩ። «ስማ፣ እሷ የምታክመው ሌላ ነው» ልለው አፌን ከፈትኩ። «ምንድን ነው?» ቢለኝስ? መልሼ ዘጋሁት። የእኛ ነገር እንዲህ ነው። ሞታ እንኳ ሥራዋን በስሙ ለመጥራት የምናፍርባት ሴት ነበረች።

ነርስ አልነበረችም። ፊዚዮቴራፒስት ነበረች፤ የደከመ ጡንቻን በእንቅስቃሴ የምታክም። ደሴ ግን ነጭ ጋዋን የለበሰችን ሴት ሁሉ ሲስተር ስለሚል እሷም ሲስተር ሆና ቀረች። አጭር፣ ክንደ ወፍራም፣ ስትራመድ ሁልጊዜ መኪና ሊያመልጣት ያለ የምትመስል ሴት ነበረች። ከወልዲያ መጥታ እኛው ሰፈር ሁለት ክፍል ተከራይታ ብቻዋን ትኖር ነበር። ፈት ናት ከመባል በቀር ስለ ኑሮዋ ብዙ የሚያውቅ አልነበረም። ቂሬ ገብታለች፤ ቂሬ ማለት ወሎ ውስጥ እስላም ክርስቲያን ሳንል አንድ ላይ የምንቀባበርበት ማኅበር ነው። መዋጮ አታጓድል፣ ለቅሶ አትቀር። ማንሾካሾክ ግን አትወድም። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ሳወራት «ጮክ በይ፤ ምን ሰርቀሽ ነው?» ትለኝ ነበር። አንቱ ብላትም እምቢ አለች። «እኔ ፊት ቀሚስሽን ገልበሽ ልትተኚ፣ አንቱታው ምን ይሠራልናል?» አለችኝ። ፊቴ እንደ በርበሬ ቀላ።

ወደ እሷ ያደረሰኝን ነገር እስካሁንም ስጽፈው ብዕሬ ይከብደኛል። ሦስተኛው ልጄ አብዱ ሲወለድ ትልቅ ነበር፤ ማሻአላህ፣ አሁንም በር አይበቃውም። ከዚያ በኋላ ሳስነጥስ ጠብ፣ ስስቅ ጠብ፣ የጨርቅ ጣቃ ሳነሳ ጠብ። ሽንቴን ማለቴ ነው። መጀመሪያ አራስነት ነው፣ ያልፋል አልኩ። ልጁ ጡት ሲጥል ነገሩ ግን እኔን አልጣለኝም። የሶላቱን መታጠብ፣ ውዱእ አድርጌ ሶላት እቆማለሁ፤ በግንባሬ ተደፍቼ ከሱጁድ ስነሳ ጠብ ይላል። ሄጄ ታጥቤ እመለሳለሁ፣ ደግሞ ያው። ከአላህ ፊት የተባረርኩ መሰለኝ። ውሃ መጠጣት ተውኩ። ከጥቁር ሌላ ልብስ መልበስ ተውኩ። ሰርግና ለቅሶ መሄዱንም ተውኩት። የሰፈር ሴቶች «ዘሃራ ሱቅ ከከፈተች ወዲህ ኮራች» አሉ። አልሃምዱሊላህ አልኩ፤ ኩራተኛ መባል በስንት ጣዕሙ።

ባሌ ሰይድ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ሚኒባስ ይነዳል። እናቴ ኮምቦልቻ ስለሆነች አንዳንድ ጁምዓ ጋቢና አስቀምጦ ያወርደኝ ነበር። አንድ ቀን ሐረጎ ጠመዝማዛው ላይ አህያ ገባችበትና ፍሬን ያዘ። እሱ አህያዋን አተረፈ፣ እኔ ግን ወንበሩን አራስኩት። መነኸሪያ ስንደርስ የያዝኩትን የሃይላንድ ውሃ ከፍቼ የተቀመጥኩበት ላይ ደፋሁበት። «ውይ፣ ፈሰሰብኝ» አልኩ። ሰይድ ምንም ሳይጠረጥር ጨርቅ አምጥቶ ወለወለው። የምወደው ሰው ጎንበስ ብሎ የኔን ጉድ ሲወለውል ቆሜ አየሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪናው ውስጥ አልገባሁም። ትንሽ ቆይቶም ልጆቹ እየተነሱ ያስቸግራሉ ብዬ መኝታዬን ከልጆቹ ጋር አደረግሁ። ሰይድ አንድ ሁለቴ ጠየቀኝ፤ ሰበብ ሰጠሁት። ከዚያ መጠየቁን ተወ። መጠየቁን ሲተው ነው የፈራሁት።

ሐኪም ቤት የሄድኩት ያኔ ነው። ሐኪሙ ታናሽ ወንድሜን የሚያህል ልጅ ሆኖ አገኘሁት። ምን ልበለው? «ወገቤን» አልኩት። እሱም ወገቤን አይቶ ወደ ሲስተር አስካለ ላከኝ። እሷም «ምንሽን ነው?» አለችኝ፤ ሴት መሆኗን እያየሁም «ወገቤን» አልኳት። እንግዲህ ጉዴን ስሙ። ምንም ያልሆነ ወገቤን በሙቅ ፎጣ ስትጠቀልልልኝ፣ አስተኝታ እግሬን ስታስነሳኝ ሳምንታት አለፉ። እየተመላለስኩ «ትንሽ ተሻለኝ» እላት ነበር። አንድ ቀን ፎጣውን አጣጥፋ አስቀመጠችና አጠገቤ ተቀመጠች።

«ዘሃራ፣ ወገብሽ ከኔ ወገብ ይሻላል። ስትስዪ ግን እግርሽን ታቆላልፊያለሽ። አሁን የመጣሽበትን ንገሪኝ» አለችኝ።

አለቀስኩ። ስናገር ቃሉን መጥራት አቅቶኝ «ያ ነገር» አልኳት። እሷ ግን «ሽንት» አለች፣ ጨው እንደሚል ሰው። «ከመጀመሪያው ቀን አውቄዋለሁ፤ እዚህ የሚመጣው ሁሉ ወገቤን ብሎ ነው የሚመጣው። እኔ ገምቼ ብነግርሽ ክደሽኝ በዚያው ትጠፊያለሽ። ስለዚህ እጠብቃለሁ» አለችኝ።

ከዚያ እጇን ዘርግታ አስረዳችኝ። የጠፍር አልጋ ታውቂያለሽ አይደል አለችኝ። ብዙ የተተኛበት ጠፍር መሃሉ ይረግባል፤ አልጋው ይጣል አይባልም፣ ጠፍሩ ይወጠራል። ከታች ሽንትንም ማህፀንንም ተሸክሞ የያዘው ጡንቻ እንዲሁ ነው፤ ከባድ ልጅ ስትወልጂ ረግቧል፣ እንወጥረዋለን አለች። ሽንትና ነፋስ እንዳያመልጥሽ የምትይዢ ይመስል ወደ ውስጥና ወደ ላይ ሳቢው፣ ያዢው፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ልቀቂው። ቂጥሽን አትጨብጪ፣ ሆድሽን አታስጨንቂ፣ ትንፋሽሽን አትያዢ። ከመሳልሽ በፊት፣ ጣቃ ከማንሳትሽ በፊት ቀድመሽ ሳቢ። ውሃሽንም ጠጪ፤ ውሃ በመከልከል የዳነ የለም። ትክክል መሥራቴን በጓንት እጇ አረጋገጠች። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ የማውቀውን ቁርአን ሁሉ እቀራ ነበር። እሷ «አብሽሪ፣ አብሽሪ» እያለች ትሠራለች። አብሽሪ ማለትን እዚሁ ወሎ ነው የለመደችው፤ አይዞሽ ማለት ነው።

ቤት ስገባ ግን መለማመዱን እረሳዋለሁ። ሱቅ አለ፣ ልጆች አሉ። ስነግራት አልተቆጣችም። «እንዴት እንደምትሰግጂ አሳይኝ» አለችኝ። እንደ ቀልድ ነበር የመሰለኝ። ፍራሹ ላይ ቆሜ አሳየኋት፤ ስቆም፣ ሳጎነብስ፣ ስወርድ፣ ስነሳ፣ እየዞረች አየችኝ። «ሰላምታውን አሰላምተሽ ከጨረስሽ በኋላ ተቀምጠሽ ትቆያለሽ አይደል? ሥራሽን እዚያ ላይ ሥሪ። ሶላትሽን አትረሺም፣ ይህንንም አትረሺም» አለች። «ስለ ውዱእሽ ግን እኔ አላውቅም። ሼህ ጠይቂ።» እንዴት አድርጌ ሼህ እጠይቃለሁ? ልምምዱን ግን ያዝኩት። ገበያ መሃል ስታገኘኝ ሰላም ከማለቷ በፊት «ሠርተሻል?» ለማለት ጡጫዋን ጨበጥ አድርጋ ታሳየኝ ነበር። ያኔም ሹልክ ብዬ ልጠፋ ይዳዳኝ ነበር፤ አብራኝ ያለችው ሴት ምንድን ነው ብላ ትጠይቀኛለች ብዬ።

እንዲህ ቀስ በቀስ እየተሻለኝ ሳለ ቤቴ ቀድሞ ሊፈርስ ሆነ። ሰይድ ሽማግሌ ሰበሰበ። ያን ቀን ከሲስተር ጋር ቀጠሮ ነበረኝ። ሳልሄድ ስቀር ደወለችልኝ።

«ሽማግሌ ሊቀመጥብኝ ነው» አልኳት።

«ንገሪያቸው።»

«እሞታለሁ እንጂ አልናገርም።»

«እሺ፣ ለባልሽ ብቻ ንገሪው።»

«እሱማ ከሁሉ ይብሳል» አልኳት። ስልኩን ዘጋችው። ተቀየመችኝ ብዬ አሰብኩ።

ሽማግሌዎቹ ሳሎናችን ተቀመጡ። ትልቁ ሼህ የሱፍ ናቸው። አማቴ እማ ፋጡማ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው አይፈታም። ሰይድ ከስቷል። «መኝታዬን ትታለች። መኪናዬ ውስጥ አትገባም። ከጠላችኝ በአፏ ትንገረኝና ሐቋን ሰጥቼ ልሸኛት» አለ። እማ ፋጡማ «ንቃው ነው። ሹፌር ነው ብላ» አሉ። ሼህ የሱፍ ወደኔ ዞሩ።

«ዘሃራ፣ ልጄ፣ የበደለሽ ነገር ካለ ተናገሪ። ዝም ካልሽ እሱ ያለውን ይዘን ነው የምንፈርደው።»

ልናገር ፈለግሁ፤ ወላሂ ፈለግሁ። ግን እንዴት ብዬ? የባሌ እናት ባሉበት፣ እንደ አባቴ የማከብራቸው ሽማግሌዎች ባሉበት፣ ሽንቴን ብዬ ልጀምር? ሼሁ ደግመው ጠየቁኝ። እኔ ምንጣፉን አያለሁ። ትዳሬ እንዲያ እያየሁት ሊያልቅ ነበር።

በሩ ተንኳኳና ሲስተር አስካለ ገባች። ጋዋኗን እንኳ አላወለቀችም። «ደህና ዋላችሁ፤ የቂሬው ሰው ነኝ፣ ትንሽ ልናገርና እሄዳለሁ» አለች። ልትናገርብኝ ነው አልኩ።

«ስለ ዘሃራ ለመናገር አልመጣሁም» አለች። «ስለ ራሴ ነው። እኔም ባል ነበረኝ። ወለድኩ፤ ልጁ አልቆየልኝም። ከወለድኩ በኋላ ሳስል ሽንቴ ያመልጠኝ ጀመር።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። ሼህ የሱፍ ሙስበሃቸውን መቁጠር አቆሙ። እማ ፋጡማ በሻሻቸው አፋቸውን ሸፈኑ።

«አዎ፣ ሽንቴ» አለች፣ ማንም ያልሰማት ይመስል። «አፈርኩ። ባሌን ሸሸሁት። መኝታ ለየሁ። እሱ የጠላሁት መሰለው። ልክ እንደዚህ ሽማግሌ ተቀምጦ ጠየቀኝ፣ ዝም አልኩ፣ በዚያው ተለያየን። በሽታው የሚታከም ነበር፤ ያኔ የነገረኝ ሰው አልነበረም። እዚህ አገር እንዲህ የምትሆን ሴት እኔ ብቻ ብሆን ኖሮ መጥቼ ራሴን አላዋርድም ነበር። ይኸው ነው። ደህና ዋሉ።»

ወጣች። እኔ ከእፍረቴ ብዛት ላብ በላብ ሆንኩ፤ ለእሷም ለራሴም ነው ያፈርኩት። ሼህ የሱፍ መሬት መሬት እያዩ፣ ለማንም ሳይሆን ለቤቱ እንደሚናገሩ ሁሉ፣ «ዲናችን የታመመ ሰው አያስጨንቅም። እንዲህ ያለበት ሰው ታጥቦ፣ ለየወቅቱ ውዱእ አድርጎ ይሰግዳል። ሶላቱን አይተውም» አሉ። ከዚያ ተነሱ። «እኛ እንውጣላቸው። ባልና ሚስት ይነጋገሩ» አሉና እማ ፋጡማን ጭምር ይዘው ወጡ።

ከሰይድ ጋር ብቻችንን ቀረን። እሷ ያንን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ካለች፣ እኔ ለአንድ ሰው ማለት ያቅተኛል? ነገርኩት። የመኪናውን ወንበር ሳይቀር ነገርኩት። ፊቱን አላየሁም፤ ድምፁን ነው የሰማሁት።

«እኔ የሸሸሽኝ ለናፍጣዬ ሽታ መስሎኝ» አለ። «ሁልጊዜ ኮምቦልቻ ታጥቤ ነው የምመጣው። ልብስ ቀይሬ።»

እውነቱን ነው፤ ስንት ጊዜ ጸጉሩ እርጥብ ሆኖ ይገባ ነበር። አንድም ቀን ለምን ብዬ አልጠየቅሁትም።

በሳምንቱ ሲስተርን ላመሰግናት ሄድኩ። ፍራሿን እየጠቀለለች ነበር። ምን ብዬ እንደምጀምር ስላላወቅሁ «ልጅሽ ማለፉን አላወቅሁም ነበር። ነፍሱን ይማር» አልኳት።

«የትኛው ልጅ?» አለችኝ።

«ያ ለሽማግሌዎቹ የነገርሻቸው» አልኳት።

«ዘሃራ፣ እኔ ወልጄ አላውቅም። ሽንት አምልጦኝም አያውቅም። ባሌ የሸኘኝ መሃን ናት ብሎ ነው።» ፍራሹን ግድግዳው ላይ አስደገፈችና እጇን አራገፈች። «ልጁ አልቆየልኝም ስል ግን፣ እንጃ፣ ደስ አለኝ። ላንድ ቀን ወላድ ተባልኩ» ብላ ሳቀች። ትከሻዋ ሁሉ ይስቅ ነበር። እኔ አልሳቅሁም።

ወሬው ግን ሰፈሩን ለመዞር ጊዜ አልፈጀበትም። ማን እንዳወጣው አውቃለሁ፤ የእማ ፋጡማ አፍ አያርፍም። ባጃጅ ላይ ከጎኗ ላለመቀመጥ የሚወርዱ ሴቶች አየሁ። ገበያ ውስጥ ስታልፍ አፍንጫቸውን የሚይዙም ነበሩ፤ ንጽሕናዋ ከሁላችን የሚበልጥ ሴት። ሊያመኝ ደረሰ። ሄጄ «ወጥቼ እውነቱን ልናገር ነው» አልኳት።

«ትናገሪና ወዮልሽ» አለችኝ። «አሁን ሴቶቹ ገና በር ላይ ‹ሲስተር፣ ያንቺው ነው ያመመኝ› እያሉ ነው የሚገቡት። ወገብ ማሞቅ ቀርቶልኛል። አፍንጫ ያዘችብኝ ያልሻት ሴትዮ እንኳ መጥታለች። ሥራዬን አታበላሺብኝ።»

እሷ እንዳለችው ዝም አልኩ። እኔም ከወራት ልምምድ በኋላ ደህና ሆንኩ፤ ስስቅ እስቃለሁ፣ ጣቃዬን አነሳለሁ፣ ከሰይድ ጋር ሐረጎን እወርዳለሁ። እሷ ግን ስሙን ተሸክማው ኖረች። አጭር ሕመም አሟት፣ ሳንጠግባት ሄደች።

ከቀብሩ ማግስት ከእማ ፋጡማ ጋር ለቅሶ ደረስን። ድንኳኑ ሙሉ ነበር። ከወልዲያ የመጣው ታላቅ ወንድሟ፣ ጋቢ የደረበ ሽበታም ሰው፣ በር ላይ ተቀምጦ እግዜር ያጽናህ ይባላል። አንዲት የሰፈራችን ሴት ከልቧ እያለቀሰች «ልጇንም ሳታሳድግ፣ በዚያ ሕመም ስትንገላታ ኖራ ቀረች» አለችው።

«የምን ልጅ? የምን ሕመም?» አለ ሰውየው።

ሴትዮዋ ደነገጠች፤ ሌላዋ ቀለብ አድርጋ «ሽንቷን የማትቋጥርበት» አለችው፣ በሹክሹክታ፣ ግን ድንኳኑ ሁሉ ሰማ። ሰውየው ተነሳ።

«እህቴ አልወለደችም» አለ። «በመሃንነቷ የደረሰባት አንሶ ይህን ደግሞ ማን ለጠፈባት? አፈሯ ሳይደርቅ በስሟ የሚጫወት ማነው?»

እማ ፋጡማ አንገታቸውን ደፉ። እኔ የሲስተርን ማስጠንቀቂያ አስታወስኩ። ግን ወንድሟ እንደ ሕፃን እያለቀሰ ነበር፤ እህቱ ላይ የተለጠፈውን ስም ይዞ ወልዲያ ሊመለስ ነው። ተነሳሁ።

«አባቴ፣ ያ ሕመም የኔ ነው» አልኩ። «ሽንቴ የሚያመልጠኝ እኔ ነበርኩ። ትዳሬ ሊፈርስ ሽማግሌ ሲጠይቀኝ መናገር ስላቃተኝ እሷ መጥታ የኔን የራሷ አድርጋ ተናገረችልኝ። ልጅም ወለድኩ ያለችው ለኔ ብላ ነው። ላስተባብል ብላት ከለከለችኝ። አክማ ያዳነችኝ እሷ ናት።»

የሱቄ ደንበኞች፣ የልጆቼ ጓደኞች እናቶች፣ ሁሉም አሉ። ቀና ብዬ ያየሁት ሰው የለም። ወንድሟ ወደኔ ቀርቦ ወገቡ እስኪታጠፍ እጅ ነሳኝ። መልሼ ተቀመጥኩ፤ አንዲት ሴት ፕላስቲክ ውሃ አቀበለችኝ፣ ጠጣሁ።

ወደ ቤት ስንመለስ እማ ፋጡማ ከዘራቸውን እየተደገፉ ከኋላዬ ቀሩ። በየት በኩል እንደሚጀምሩኝ እየጠበቅሁ ነበር። ልጄን አዋረድሽው፣ ቤቴን አደባባይ አወጣሽው ይሉኛል ብዬ መልሴን አዘጋጅቻለሁ። ቅያሱ ውስጥ ስንገባ ቆሙ። ወደ ኋላ አዩ፣ ወደ ፊት አዩ። ሰው አልነበረም።

«ዘሃራ።»

«አቤት እማ።»

«ያ ሴትዮዋ የምታሠራሽ ነገር፣ በኔ ዕድሜ ላለ ሰውም ይሆናል?»

«ይሆናል እማ» አልኳቸው። «ግን ከመቼ ወዲህ ነው?»

ከዘራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ሰይድን ከወለድኩ ወዲህ» አሉኝ።

እጃቸውን ይዤ ወደ ቤት አስገባኋቸው፤ በሩን ዘግቼ ፍራሽ አነጠፍኩላቸው።